አርባ ደቂቃ ክፍት የነበረው ፋይል

የአንድ ድርጅት መረጃ የሚቀመጥበት፣ ፖስትግሬስ በተባለ ፕሮግራም የሚሠራ ዳታቤዝ በኃላፊነቴ ሥር በነበረበት ጊዜ፣ የዲስክ ቦታ ለማስለቀቅ ብዬ የሌሊቱ መጠባበቂያ ቅጂዎች የሚቀመጡበትን ማህደር ከፈትሁ። የሁሉም ፋይሎች ፈቃድ 644 ነበር። ባለቤቱ ያነባል፣ ይጽፋል፤ በሰርቨሩ ላይ መለያ ያለው ሌላ ሰው ሁሉ ደግሞ ማንበብ ይችላል። ሪፖርት ለማውጣት ብቻ የተፈጠሩ መለያዎች እዚያው ሰርቨር ላይ እንዳሉ ሳስታውስ እጄ ከቁልፎቹ ላይ ቀረ።

ዳታቤዙ ራሱ በዚህ ነገር አይደራደርም። ዋናው የመረጃ ማህደር ፈቃዱ ከ700 (ለባለቤቱ ብቻ)፣ ከ11ኛው እትም ወዲህ ደግሞ ከ750 (የባለቤቱ ቡድንም ማንበብ የሚችልበት) ከላላ ፖስትግሬስ አልነሳም ይላል። ያን ሁሉ ጥበቃ ግን የእኛ ቅጂ በጓሮ በር ይዞት ይወጣ ነበር፤ የደንበኞች ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ ሁሉም በግልጽ ጽሑፍ።

ቅጂውን በየሌሊቱ በሚሠራው ስክሪፕት (የትእዛዞች ፋይል) መጨረሻ ላይ ፈቃዱን ወደ 600፣ ማለትም ባለቤቱ ብቻ ወደሚያነብበትና ወደሚጽፍበት፣ የሚቀይር የችሞድ ትእዛዝ ጨመርሁና ክፍተቱ እንደተዘጋ አስታወቅሁ። በሥራው ብዙ ዓመት የሚቀድሙኝ ባልደረባዬ ስክሪፕቱን አንብበው አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፦

«ቅጂው ተሠርቶ ለማለቅ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?»

«አርባ ገደማ።»

«እንግዲያው በየሌሊቱ አርባ ደቂቃ ክፍት ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን በእርግጥ መዘጋቱን እንይ።»

በሙከራ ሰርቨር ላይ ቅጂውን አስጀመርን። እሳቸው በተራ ተጠቃሚ መለያ ገብተው እየተጻፈ ያለውን ፋይል ከፈቱት፤ መስመሮቹ ስክሪኑ ላይ ይወርዱ ጀመር። «አሁን ዝጋው» አሉኝ። ፈቃዱን 600 አደረግሁት። መስመሮቹ መውረዳቸውን አላቆሙም። ሲስተሙ ፈቃድ የሚጠይቀው ፋይሉ በሚከፈትበት ቅጽበት ነው፤ አንዴ ከፍቶ የያዘው ፕሮግራም ከዚያ በኋላ ቢከለከልም ማንበቡን ይቀጥላል። ይህን በመጽሐፍ አንብቤው ነበር። ሆኖም የፈቃድ ቁጥሩ 600 እያለ ጽሑፉ በሌላ ሰው ስክሪን ላይ ሲፈስስ ማየት ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው።

እንዲህ ያለው የጊዜ ክፍተት የእኛ ስክሪፕት ብቻ ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነው ሲቪኢ 2016-6663 (ሲቪኢ የታወቁ የደህንነት ቀዳዳዎች መለያ ቁጥር ነው) የተባለው፣ ማይኤስኪውኤል የሚባለው ሌላ ዳታቤዝ ቀዳዳ ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ሠንጠረዥ በሚጠገንበት ጊዜ ጊዜያዊ ፋይል ይፈጠራል፤ ፈቃዱ የሚስተካከለው ከዚያ በኋላ ነው። አጥቂው በመካከሉ ፋይሉን ወደ ሌላ ቦታ በሚያመለክት አገናኝ ይተካዋል፤ ዳታቤዙም ሳያውቅ የሌላውን ፋይል ፈቃድ ይቀይርለታል።

ስለዚህ ችሞዱን አውጥቼ ጣልሁት። በስክሪፕቱ የመጀመሪያ መስመር ላይ ዩማስክን 077 አደረግሁ፤ ይህም ማንኛውም ፋይል ገና ሲፈጠር የሌሎችን ፈቃድ አስቀድሞ የሚነፍግ ቅንብር ነው። ቀድሞ 022 ስለነበረ ነው ለአዲስ ፋይል በተለምዶ ከሚጠየቀው 666 (ሁሉም የሚያነብበትና የሚጽፍበት) ላይ ተቀንሶ 644 ይወጣ የነበረው። ማህደሩንም 700 አደረግሁት። በድጋሚ ስንሞክር ባልደረባዬ ገና ፋይሉ ከመፈጠሩ ጀምሮ ደጋግመው ሊከፍቱት ሞከሩ፤ አንድም ጊዜ አልተሳካላቸውም።

የቀሩት የቆዩት ቅጂዎች ነበሩ፤ ደግሞም ከሁሉ የከበደኝ ይህ ነው። ፈቃዳቸውን ማጥበብ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር፤ ከዚያ በፊት ማን እንዳነበባቸው የሚነግረን መዝገብ ግን አልነበረንም። ተነብበዋል ብለን መነሳት ነበረብን። ለኃላፊዎቹ በጽሑፍ አሳወቅሁ፤ በቅጂዎቹ ውስጥ የነበሩ የይለፍ ቃሎችና ቁልፎች በሙሉ በዚያው ሳምንት ተቀየሩ። የስልክ ቁጥሮቹን ግን መቀየር አንችልም ነበር።