የየኔታ የምሳ ሰዓት

የምሠራው የሥነ ጽሑፍ መድረክ በሚያዘጋጅ ትንሽ ቢሮ ነው። አንድ ጊዜ በዙም የግጥም ምሽት አሰናዳን። ወጣቶቹ የጉባኤ ቃናን መልክ ይዘው በአማርኛ የጻፉትን ያነባሉ። ሁለት ቤት ብቻ፣ ሰምና ወርቁ ተጠብቆ። መክፈቻውን የለመንናቸው ግን ጎጃም፣ ዋሸራ ቅኔ ቤት የተማሩ አባት ነበሩ። ዋሽንግተን ነው የሚኖሩት፤ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራሉ። ሁላችንም "የኔታ" ነው የምንላቸው።

ግብዣውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በየካቲት አጋማሽ ለሁሉም ላክሁ፦ "ቅዳሜ በአዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ በዋሽንግተን እኩለ ቀን።" የ8 ሰዓት ልዩነት ቆጥሬ ነው። ለየካቲት ልክ ነበርኩ።

አሜሪካ ግን በማርች ሁለተኛው እሑድ ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደፊት ትገፋለች። እኛ አንነካውም። ልዩነቱ 7 ይሆናል፤ የዋሽንግተን እኩለ ቀን በአዲስ አበባ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ይውላል። የኛ ቅዳሜ ደግሞ ከዚያ እሑድ በኋላ የመጣው ነበር።

ያን ምሽት ስልኬን ድምፁን አጥፍቼ ከኢንተርኔቱ ጋር ስታገል ቆየሁ። 2 ሰዓት ሊሞላ ሲል ባነሳው ቴሌግራሙ ሞልቷል። "ገብተናል፣ ማንም የለም።" የኔታ ሦስት ጊዜ ደውለዋል። "ልጄ፣ የምሳ ሰዓቴን ነው የያዝኩት፣ እየጠበቅሁ ነው" ብለው ጽፈዋል። ስደውል ከጀርባቸው የመኪና ጥሩንባ ይሰማል። "ሥራ ገባሁ ልጄ፣ አይዞህ" አሉኝ። መድረኩ ያለ መክፈቻ ተጀመረ። ልጆቹ ጥሩ አነበቡ፤ እኔ ግን አልሰማኋቸውም።

በቅኔ ቤት ተማሪ በየቀኑ አዲስ ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም ያዘጋጃል፤ የትናንቱን ይዞ አይቀርብም። የኔታም ለዚያ ቀን ብለው የቆጠሯት ነበረቻቸው። አንጀቴን የበላው ይሄ ነው። አንድ አባት ምሳቸውን ትተው፣ ስልካቸውን አቁመው፣ ባዶ ስክሪን ሲያዩ አንድ ሰዓት ሙሉ።

አሁን የእያንዳንዱን ከተማ ሰዓት ለየብቻ እጽፋለሁ። የምቆጥረው ግብዣው በሚላክበት ቀን ሳይሆን መድረኩ በሚውልበት ቀን ልዩነት ነው። "በሀገር ቤት አቆጣጠር" የምትለዋን አልረሳም። በዋዜማው ደግሜ እልካለሁ፤ ለአንባቢዎቹ ደግሞ እደውላለሁ።

በሚያዝያ እንደገና ጠራናቸው። መጡ። ከኋላቸው ግድግዳው ላይ የተሰቀሉ የመኪና ቁልፎች ይታያሉ። "የኔታ፣ ያቺን የመጋቢቷን ይበሉልን" አልኳቸው።

"እሷማ የዚያን ቀን ነበረች" አሉና አዲስ ዘረፉ።