ከድጡ ወደ ጢሱ

ጢስ ዓባይን በክረምት ልየው ያልኩት ሆነ ብዬ ነው። በበጋ አይቼዋለሁ። ያኔ መንገዱ ደረቅ፣ አካሄዱም እንደ ልብ ነበር፤ ፏፏቴው ግን ገደሉን ጥግ ይዞ የሚወርድ ቀጭን ውሃ ሆኖ ጠበቀኝ። ውሃው ከፏፏቴው በላይ ተጠልፎ ኃይል ማመንጫ ይገባል። ጣና በለስ የሚባለው ሌላ ኃይል ማመንጫ ሲመጣ ደግሞ ከጣና ሐይቅ ራሱ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ መውሰድ ተጀመረ። እንግዲህ ዓባይን ሞልቶ ማየት የሚሻ ሰው ከነጭቃው ነው የሚቀበለው።

ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሚኒባሱ ሞልቶ እስኪነሳ ከጉዞው በላይ ፈጀ፤ ሌላ የሚወራ የለውም።

መንደሩ ላይ ልጆች ዱላ ያከራያሉ። «ጋሼ፣ ያለ ዱላ አይሆንም፣ ድጥ ነው!» 100 ብር። ለእንጨት! ተጨቃጭቄ 60 አስገባሁት።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የፖርቱጋሎች የሚባለው ድልድይ ጋ ስንደርስ ጭነት የያዙ አህዮች ይሻገሩ ነበር። ድንጋዩ በእግር ብዛት ለስልሷል፤ ዝናብ ሲጨመርበት ሳሙና ነው። ቆመን አሳለፍናቸው። አህዮቹ አንዴም አልተንሸራተቱም።

ከድልድዩ በኋላ ዳገቱ ይጀምራል፤ መሬቱም ዋልካ ነው። እኔ እንጦጦ ላይ ጭቃ የለመድኩ ሰው ነኝ። የእንጦጦው ግን ጫማህን መታ መታ ስታደርገው ይረግፋል። ይሄኛው አብሮህ ይሄዳል። በየእርምጃው ጫማዬ እየከበደ፣ አንዱን ስፍቅ ሌላው እየሰመጠ ስታገል፣ ጄሪካን ያዘሉ ሴትዮ በኮንጎ ጫማ አለፉኝ። ዞር አሉና «አባቴ፣ ሣር ሣሩን ርገጥ እንጂ! የተሄደበትን ምን ያደርግልሃል?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ዳር ዳሩን ስይዝ መራመድ ቻልኩ። ትንሽ ቆይቶ ግን ሣሩ አለቀ፤ ገበሬው የማሳውን ጠርዝ በእሾህ አጥሮታል። ኧረ ምን ዓይነት ክፋት ነው ብዬ ተበሳጨሁ። ከዚያ ወደ ኋላ ሳይ ነገሩ ገባኝ። ሰው ሁሉ ድጡን እየሸሸ ዳር ሲረግጥ፣ የረገጠው ዳር መልሶ ድጥ ይሆናል፤ ቀጣዩ መንገደኛ ደግሞ ከዚያም ወዲያ ይረግጣል። ለአንድ ሰው የተበጀችው መንገድ አራት ሰው ጎን ለጎን ታስኬዳለች። ሰውዬው እሾህ ባይደረድር ቡቃያው ላይ እንሄድበት ነበር።

ፏፏቴው? ከ40 ሜትር በላይ የሚወርድ፣ አፈር የመሰለ ቡናማ ውሃ፣ ከገደል ገደል ሞልቶ። ጢሱ ከሩቅ ነው የሚያርስህ። መነጽሬን ሦስቴ ጠርጌ ተውኩት። ድምፁ ደረት ውስጥ ነው የሚሰማው።

በጀልባ ተሻግሮ በሌላው በኩል መመለስ የተለመደ ነው። ዓባይ ስለሞላ ጀልባ የለም ተባልን። በመጣንበት ቁልቁል፣ ያውም ካፊያ ይዞን ወረድን። ከመውጣቱ መውረዱ ይብሳል፤ ጉልበት የሌለው ሰው በነሐሴ ባይሞክረው እላለሁ። ዱላውን 60 ብር ማስገባቴ እዚህ ላይ ትንሽ አሳፈረኝ፤ ለልጁ ጭማሪ ሰጠሁት።

ሚኒባሱ በር ላይ ረዳቱ እግሬን አይቶ ጮኸ፦ «በዚህ ጫማማ አትገባም! ፌስታል አጥልቅ!» ፌስታሉን ከሱቅ በ10 ብር ገዛሁ። ለሁለት እግር ሁለት መሆኑ ነው፣ 20 ብር።