ጭራው የከበደ አውሮፕላን

በቨርጂኒያ፣ ሞዴል አውሮፕላን በሚሸጥበትና በጓሮ ክፍሉ ጥገና በሚሠራበት አንድ ሱቅ ተቀጥሬ እሠራ በነበረበት ጊዜ፣ ወጣትነታቸውን በደብረ ዘይት አየር ኃይል በጥገና ሙያ ያሳለፉ አንድ አዛውንት ባልደረባ ነበሩኝ። ሁላችንም፣ አሜሪካዊው የሱቁ ባለቤት ሳይቀር፣ «ጋሼ» እንላቸው ነበር።

አንድ ደንበኛ ከጫፍ እስከ ጫፍ ክንፉ 1.6 ሜትር የሚሆን፣ ባልሳ ከሚባል በጣም ቀላል እንጨት የተሠራ አሮጌ አውሮፕላን አምጥቶ አዲስ ልባስ እንዲለብስና ቀለም እንዲቀባ አዘዘ። ክንፉን ጋሼ ያዙት። ሐሩን በውሃ አርጥበው በአጽሙ ላይ ከዘረጉት በኋላ ጠርዝ ጠርዙን እየሳቡ ሽብሽባቱን አጠፉ፤ ከዚያም ዶፕ የሚባለውን ላከር በቲነር አቅጥነው የሐሩ ቀዳዳ እስኪደፈን ድረስ ደጋግመው ቀቡት። ዶፕ ሲደርቅ ስለሚኮማተር ልባሱን እንደ ከበሮ ይወጥረዋል፤ ነገር ግን ክንፉንም ሊያጣምመው ስለሚችል፣ የላዩንም የታቹንም ገጽ እኩል ቀብቶ በጠፍጣፋ ጣውላ ላይ አስይዞ ማድረቅ ግድ ነው።

ጭራው ለአንድ ወጣት ባልደረባችን ተሰጠ። እጁ በእውነት የሚያስቀና ነበር። ደንበኛው ቀይ ስለፈለገ፣ ቀይ ቀለም ደግሞ ከሥሩ ያለውን ስለማይሸፍን፣ መጀመሪያ ነጭ ረጨ፤ በላዩ ቀዩን ደራረበ፤ መስመሮቹን አወጣ፤ በመጨረሻም በረቂቅ የብርጭቆ ወረቀት እያሸ ፊት እስኪያሳይ ድረስ አብረቀረቀው።

ደንበኛው ሊረከብ መጥቶ ባንኮኒው ጋ ቆሞ ሳለ፣ ጋሼ አውሮፕላኑን ከክንፉ ሥር፣ ከፊተኛው ጠርዝ የክንፉን ስፋት አንድ ሦስተኛ ያህል ገባ ብለው፣ ሚዛኑ በሚታይበት ቦታ፣ በሁለት ጣታቸው ደግፈው አነሡት። ጭራው ወዲያው ወደ ታች ወረደ። እንዲህ ያለ አውሮፕላን አፍንጫው በትንሽ ትእዛዝ ሽቅብ ይላል፤ ፍጥነቱን አጥቶም ይወድቃል።

የሱቁ ባለቤት አፍንጫው ላይ እርሳስ የሚባለውን ከባድ ብረት ጨምረን እንድንገላገለው ፈለገ፤ የወሩ ኪራይ ደርሶበት ስለነበር አልፈርድበትም። ጋሼ ግን ጭራውን ፈትተው ሚዛን ላይ አስቀመጡት፤ ሲረከቡ በወረቀት ከመዘገቡት ክብደት 18 ግራም ጨምሮ ተገኘ። ጭራው ከሚዛን ነጥቡ ያለው ርቀት የአፍንጫው ሦስት እጥፍ ስለሆነ፣ ይህን ለማካካስ 54 ግራም እርሳስ ያስፈልግ ነበር።

«ልጆች፣ 72 ግራም ለጌጥ ብቻ? በፍጥነት ካልሆነ አያርፍም» አሉን። ሰው በሚሳፈርበት ትልቁ አውሮፕላን ላይም በማጠፊያ የሚንቀሳቀሱት መሪ ክፍሎቹ ቀለም ሲታደስላቸው ሚዛናቸው እንደገና ሳይታይ እንደማይበር፣ ከማጠፊያው በስተኋላ የተጨመረ ክብደት በበረራ ላይ አደገኛ መርገብገብ እንደሚያመጣ አስረዱን።

ልባሱ ተገፎ ጭራው ቀይ ሆኖ በተመረተ ስስ የጃፓን ወረቀት ለበሰ፤ በላዩም ቀለም አልባ ዶፕ ብቻ ተቀባ። ደንበኛው በሳምንቱ ሲረከብ ጭራው እንደ ክንፉ አያበራም ብሎ አጉረመረመ፤ ባለቤቱም ዋጋ ቀነሰለት። ወጣቱ ለጥቂት ጊዜ ጋሼን አኩርፎ ነበር፤ ይሁን እንጂ በሱቁ የትእዛዝ ቅጽ ላይ «የጭራ ክብደት፣ ከቀለም በፊትና በኋላ» የሚለውን መስመር ያስጨመረው እርሱ ነው።