የራሴን ሥራ ከጀመርኩ በኋላ የቤት ብድር ስጠይቅ

በሜሪላንድ ለ6 ዓመታት ተቀጥሬ የጭነት መኪና ከነዳሁ በኋላ እ.ኤ.አ. በጥር 2023 የራሴን መኪና ገዝቼ መሥራት ስጀምር፣ የሚገባልኝ ገንዘብ ስለጨመረ የቤት ብድር ማግኘት የሚቀልልኝ መስሎኝ ነበር። የብድር ሠራተኛው ግን የባንክ ሂሳቤን አልፎ ከታክስ ሰነዴ ስኬጁል ሲን (የግል ሥራ ገቢና ወጪ የሚሞላበትን ቅጽ) ገለጠና ጣቱን ተራ ቁጥር 31 ላይ አሳረፈ፤ እዚያ የተጻፈው ነዳጁ፣ ኢንሹራንሱ፣ ጎማውና ጥገናው ሁሉ ተቀንሶ የቀረው የተጣራ ትርፍ ነው። ታክሱ እንዲቀንስልኝ ብዬ በደስታ ያስመዘገብኩት ወጪ (የሂሳብ ባለሙያዬን እንኳ መርቄው ነበር) ገቢዬን አሳንሶ አስቆጠረብኝ።

ከአበዳሪዎች የቤት ብድሮችን የሚገዛው የአሜሪካ ድርጅት ፋኒ ሜ በመደበኛነት የ2 ዓመት የግል ሥራ ታሪክ ቢጠይቅም፣ የታክስ ሰነዱ የሙሉ 12 ወር ገቢ የሚያሳይና ተበዳሪው ቀድሞ በዚያው ሙያ ተመጣጣኝ ገቢ የነበረው ከሆነ ከዚያ ያነሰ ጊዜም ሊያስተናግድ ይችላል። የመጀመሪያው አበዳሪ ይህን ሳይነግረኝ ማሰናበቱ እስካሁን ያናድደኛል። ሁለተኛዋ የብድር ሠራተኛ የድሮ ደብልዩ 2 ወረቀቶቼን (ተቀጥሬ ሳለሁ አሠሪዬ የሰጠኝን የዓመት ደመወዝ ማስረጃ) አስመጣችና፣ በስኬጁል ሲ ተራ ቁጥር 13 እንደ ወጪ የተቀነሰው የመኪናው እርጅና በየዓመቱ ከኪሴ የሚወጣ ገንዘብ ስላልሆነ መልሳ ገቢዬ ላይ ደመረችው። ብድሩ ተፈቀደ፤ የተመኘነው ባለ3 መኝታ ቤት ግን ቀርቶ ባለ2 መኝታ ኮንዶ ገዛን።