ከጣና ዳር ወደ አትላንቲክ ሲቲ፦ በ60 ዶላር ያየሁት የቁማር ከተማ

ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግሁና እዚያው ሒሳብ የማስተምር ሰው በመሆኔ፣ ውኃ ዳር የተቆረቆረ ከተማ ሁሉ አዲስ አይሆንብኝም ብዬ አስብ ነበር። ትምህርት ተዘግቶ ክረምቱን ሜሪላንድ ከምትኖረው ታናሽ እህቴ ዘንድ ባሳለፍኩበት ጊዜ፣ «ወንድም ዓለም፣ ባሕር ሳላሳይህማ አልሸኝህም» ብላ በኒው ጀርሲ ግዛት ውቅያኖስ ዳር ወዳለችው አትላንቲክ ሲቲ ልትወስደኝ ተነሣች። ከተማዋ በቁማር የምትታወቅ መሆኗን የሰማችው እናታችን በስልክ ሁለታችንንም በየተራ ተቆጣችን። የተረጋጋችው በፖስታ ውስጥ 60 ዶላር ብቻ ይዤ እንደምገባ፣ የባንክ ካርድ የሚባል ነገር በኪሴ እንደማይኖር ቃል ከገባሁላት በኋላ ነው። ከተመለስኩ ወዲህ ጣና ዳር ቡና ስንጠጣ ጓደኞቼ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «በላህ ወይስ ተበላህ?»

ከእህቴ ቤት አትላንቲክ ሲቲ በመኪና ከሦስት ሰዓት በላይ ይወስዳል። የመኝታ ዋጋ በሳምንቱ መጨረሻ ስለሚወደድ ማክሰኞን መረጥን፤ በዚህ አልተሳሳትንም። የተሳሳትነው በኢንተርኔት ያየነውን ዋጋ የመጨረሻ አድርገን በመቀበላችን ነው። ሒሳብ ስንዘጋ «የሪዞርት ክፍያ» የሚባል ገንዘብ፣ በላዩም የመኪና ማቆሚያ ተጨምሮበት፣ ርካሽ ያልነው ክፍል ርካሽ ሳይሆን ቀረ። እንግዳ ተቀባይዋን ብንጠይቃት በትሕትና ፈገግ ብላ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አሳየችን። ድጋሚ ብሄድ ክፍል ከመያዜ በፊት «ጠቅላላው ስንት ይሆናል?» ብዬ ነው የምጀምረው።

ከተማዋ ከቁማሩ በፊትም የመዝናኛ ከተማ ነበረች። በባሕሩ ዳር የተዘረጋው የእንጨት መሄጃ መጀመሪያ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1870 ሲሆን፣ ምክንያቱም ጎብኚዎች በጫማቸው የሚያመጡት አሸዋ ሆቴሎቹንና የባቡር ፉርጎዎቹን ስላስቸገረ ነው። ካዚኖ የመጣው ከመቶ ዓመት በኋላ፣ ሕዝቡ በ1976 ድምፅ ሰጥቶ ከፈቀደ በኋላ ነው፤ የመጀመሪያው በ1978 ተከፈተ። በእኛ ጣና ዳር ምግብ ቤቱም ሻይ ቤቱም ወንበሩን ወደ ውኃው አዙሮ ነው እንግዳ የሚጠብቀው፤ አሳ ሲቀርብልህ ዓይንህ ሐይቁ ላይ ነው። እዚያ ግን ውቅያኖሱ ከግድግዳው ማዶ እያለ የቁማር አዳራሹ መስኮት የለውም፤ ሰዓትም አላየሁበትም። ጠዋት ይሁን ማታ የማይለይበት፣ የሲጋራ ሽታ ያለበት፣ ማሽኑ ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያቃጭልበት ቦታ ነው። ለሚጫወት ሰው መጠጡ በነጻ ይመጣል፤ ይህ ደግነት ከየት እንደሚመነጭ ለመረዳት የሒሳብ መምህር መሆን አያስፈልግም።

መጀመሪያ የሩሌት ጠረጴዛ አጠገብ ቆሜ ቆጠርኩ፤ ሩሌት በሚሽከረከር መንኮራኩር ላይ የተወረወረች ኳስ የምታርፍበትን ቁጥር ወይም ቀለም የሚገምቱበት ቁማር ነው። መንኮራኩሩ ላይ ከ1 እስከ 36 ያሉት ቁጥሮች አሉ፤ በተጨማሪ አንድ ዜሮና አንድ ድርብ ዜሮ ስላሉ ቤቶቹ 38 ይሆናሉ። በአንድ ቁጥር ላይ አንድ ዶላር አስይዞ የበላ ሰው ግን የሚከፈለው 35 ዶላር ነው። ስለዚህ ከሚያዘው ከእያንዳንዱ ዶላር በአማካይ አምስት ሳንቲም ከሩብ ያህል ለቁማር ቤቱ ይቀራል። ይህን እያወቅሁ በቀይ ላይ 15 ዶላር አስያዝኩ፤ የጠረጴዛው ትንሹ መያዣ እርሱ ነበር። ኳሷ ጥቁር ላይ ዐረፈች። ነገሩ ሁሉ አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

ከዚያ ወደ ቁማር ማሽኖቹ ሄድኩ። «የአንድ ሳንቲም» ተብሎ የተጻፈበት ማሽን ቁልፉ አንዴ በተጫነ ቁጥር 50 ሳንቲም እንደሚወስድ የተረዳሁት ተቀምጬ 20 ዶላር ካስገባሁ በኋላ ነው። በደቂቃ ስምንት ጊዜ የሚጫን ሰው በሰዓት 240 ዶላር ያስይዛል ማለት ነው። የኒው ጀርሲ ሕግ ማሽኑ በረጅሙ ሲታይ ከተያዘው ቢያንስ 83 በመቶውን እንዲመልስ ያስገድዳል፤ ስለዚህ ሕጉ ተከብሮ እንኳ በሰዓት በአማካይ እስከ 41 ዶላር ገደማ ሊበላ ይችላል። እኔ እያዘገምኩ በመጫወቴ 20 ዶላሯ 40 ደቂቃ ያህል ቆየችልኝ። ካርዴ እህቴ ዘንድ ባይሆን ኖሮ በዚያች ሰዓት ከወንበሩ እነሣ ነበር ብዬ አልምልም። ገንዘብ ማውጫ ማሽኑ ከጀርባዬ ነበር።

የእህቴ ልጅ 19 ዓመቱ ነው፤ 21 ያልሞላው ሰው እንዳይጫወት ሕጉ ስለሚከለክል ውጭ ይጠብቀኝ ነበር። አብረን ለመርከቦች አቅጣጫ ለማሳየት በ1857 የተሠራውን የመብራት ማማ 228 ደረጃዎች ወጣን፤ ከዚያ ወደ ባሕሩ ወረድን። ብዙዎቹ የኒው ጀርሲ የባሕር ዳርቻ ከተሞች መግቢያ ሲያስከፍሉ የአትላንቲክ ሲቲው ነጻ ነው። እኔም ጣና ዳር እንደለመድኩት ጫማዬን ከውኃው አሥር እርምጃ ያህል ርቄ አስቀምጬ እስከ ጉልበቴ ገባሁ። ስንመለስ አሸዋው እርጥብ ነው፤ ጫማው የለም። ልጁ ሳቁን እየዋጠ «አጎቴ፣ ውኃው እኮ በቀን ሁለቴ ይመጣል» አለኝ። ጣና በክረምት ይሞላል፣ በበጋ ይጎድላል እንጂ ከምሳ እስከ መክሰስ ባለው ጊዜ ጫማ ይወስዳል ብሎ ማን ያስባል? በፖስታው ከቀረው 25 ዶላር ላይ 14ቱ ለነጠላ ጫማ ሄደ።

ባሕር ዳር ስመለስ እናቴ የፖስታውን ሒሳብ ተቀበለችኝ፤ ካዚኖው 35፣ ባሕሩ 14፣ ቀሪ 11። ቁማሩን በዝምታ አለፈችው። ይልቅስ ስለ ውኃው ስፋት ጠየቀችኝ። ማዶው እንደማይታይ፣ ቀምሼውም ጨው ጨው እንደሚል ነገርኳት። ልጅነቷን ሐይቁ ዳር ጥጃ ስትጠብቅ ያሳለፈች ሴት ናትና የምትቀዳውን ቡና አቋርጣ ትንሽ አየችኝ።

«ታዲያ ከብቱ ምን ይጠጣል?» አለችኝ።