የቫኗን ጥላ አወረድነው

ዛሬ እዚህ ቨርጂኒያ ፀሐይ ወጣችልንና ከወንድሜ ጋር የካምፐር ቫኗን (መኝታ ያላትን የጉዞ መኪና) የጎን ጥላ፣ ማለትም ከጎኗ የሚዘረጋውን ሸራ፣ ስንፈታ ዋልን። ዝናብ በዘነበ ቁጥር በብሎኖቹ ቀዳዳ ውሃ ይገባ ስለነበር መውረዱ ግድ ነበር።

እንዲህ ያለ ጥላ የምትፈቱ ሰዎች፣ አደራ፤ ሸራው ተጠቅልሎ ሳጥኑ ይዘጋ። ክንዶቹ ውስጥ የተወጠረ ስፕሪንግ አለ። ተዘርግቶ ከተፈታ ተፈናጥሮ ሰው ይጎዳል። የ3 ሜትሩ ደግሞ ከ20 ኪሎ በላይ ሊመዝን ስለሚችል፣ የመጨረሻው ብሎን ሳይወጣ በሁለቱም ጫፍ የሚይዝ ሰው ይቁም።

ኮርኒሱን ከውስጥ አውርደን ዳዶዎቹን ፈታን። ማሰሪያ ብረቶቹ ግን አንላቀቅም አሉ። የቆየ ማጣበቂያ ነው የያዛቸው። በካቻቢቴ ብንፈለቅቀው ላሜራው ይጎዳል። በፀጉር ማድረቂያ አሞቅነውና ቀጭን የዓሣ ማጥመጃ ገመድ ከሥሩ አስገብተን እንደ መጋዝ ወዲያ ወዲህ ሳብነው። ቀስ እያለ ለቀቀ።

ከሥሩ ያለውን ሳይ አንጀቴ አረረ። በአንዱ ቀዳዳ ዙሪያ ቀለሙ አብጦ ተነስቷል፤ በጣት ሲነካ ዝገቱ ይረግፋል። የገጠመው ሰው ላሜራውን ከበሳ በኋላ ጠርዙን ቀለም አልቀባውም። የደቂቃ ሥራ እኮ ነው! የሰው ንብረት እንዲህ አይያዝም።

ዝገቱን ፍቀን አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ቀባነው። ሲደርቅ ቀዳዳዎቹን በደንብ እናሽጋለን። ጥላው ለጊዜው ጋራዥ ይቀመጣል።