በኮምፒውተር ጉበት ሳበስል የሠራሁት ስህተት

የጉበት ዕጢን በማይክሮዌቭ አቃጥሎ መግደልን በኮምፒውተር ሞዴል ለማድረግ ስነሳ፣ የሚያስቸግረኝ የሞገዱ ሒሳብ መስሎኝ ነበር። እሱ ቶሎ አለቀ። መርፌ የሚያህል አንቴና፣ 2.45 ጊጋኸርዝ፣ ዙሪያውን ጉበት። አንቴናው እንደ እርሳስ ድቡልቡል ስለሆነና ዙሪያው ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ ግማሽ ቁራጩን በሁለት ዳይሜንሽን መሥራት ይበቃል። ለሙቀቱም ሃሪ ፔንስ እ.ኤ.አ. በ1948 ያወጣው ቀመር አለ፤ ደም ሲያልፍ ይዞት የሚሄደውን ሙቀት ይቆጥራል።

የመጀመሪያው ውጤት አንቴናው ጥግ 200 ዲግሪ አለኝ። እንዴ! ጉበት እኮ አብዛኛው ውሃ ነው። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ፐርሚቲቪቲ (ሥጋው ለኤሌክትሪክ መስክ የሚሰጠው ምላሽ) 43፣ ኮንዳክቲቪቲ (ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ) 1.7 ብዬ አስገብቼ ከዳር እስከ ዳር ሳልነካቸው ቀረሁ። እውነተኛ ጉበት ውስጥ ግን ውሃው ሲተን ሁለቱም ይወርዳሉ፣ የደረቀው ሥጋ ሞገዱን መዋጥ ትቶ ወደ ውጭ ያሳልፈዋል፣ ትነቱ ራሱ ደግሞ ብዙ ሙቀት ይበላል። ይህን ሳስገባ ሶልቨሩ፣ ማለትም ቀመሮቹን የሚፈታው ፕሮግራም፣ 100 ዲግሪ በደረሰ ቁጥር ቀጥ ይል ጀመር። ለውጡን በአንዴ ከማድረግ በጥቂት ዲግሪዎች ላይ ስበትነው ተላቀቀ።

ከዚያ ሞዴሉን በእውነተኛ አንቴና ካበሰልኩት የታረደ በሬ ጉበት ጋር አነጻጸርኩት። ሲቆረጥ መሃሉ ከሰል፣ ዙሪያው የነጣ፣ ከዚያ ውጭ ጥሬ ነው። የነጣውን በማስመሪያ ለካሁ፤ ከሞዴሉ ጋር በሚሊሜትር ልዩነት ገጠመ። ደስታዬን አትጠይቁኝ።

ለጓደኛዬ ሳሳየው ግን አንዴ ገረፍ አድርጎ አየና "ይሄ ጉበት ሞቷል አይደል? ደሙ ከየት መጣ?" አለኝ።

ክው አልኩ። ሞዴሉ ውስጥ የደም ዝውውሩን ዜሮ ማድረግ ረስቻለሁ። ደሙን ሳጠፋው የተቃጠለው ቦታ ተለቀ። ለካ መነሻ ሙቀቱንም 37 ብዬዋለሁ፣ ጉበቱ ግን እንደ ክፍሉ ቀዝቃዛ ነበር! አንዱ ስህተት ሲያሳንስ ሌላው ሲያተልቅ፣ ተቻችለው ነው ልክ የመሰሉት። ሁለቱንም ካረምኩ በኋላም ትንሽ ልዩነት ቀረ፤ ሥጋ ሲበስል ይኮማተራል፣ ማስመሪያው የሚለካው የተኮማተረውን ነው።

አሁን የመጨረሻውን መጠን ብቻ አላምንም። ሙቀቱ በየሰከንዱ እንዴት እንደወጣ ነው የማነጻጽረው፣ እሱንም በፋይበር ኦፕቲክ (በቀጭን የመስታወት ክር) መለኪያ፤ የብረት ሽቦ ሞገዱ መሃል ሲገባ ራሱ ይሞቅና ሌላ ውሸት ይነግረኛል።